የፀሐይን ሙቀት ከምድር ውስጥ ሙቀት እንዴት ልለየው?

ደብረ ብርሃን ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሸዋ ሮቢት የሚሞቀው “ከሥሩ እሳት ስላለ ነው” ይላሉ። እኛ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ እነሱ 1,300 አካባቢ፤ ምክንያቱ ከፍታ ነው ብላቸው አልዋጥ አላቸው። የምድር ገጽ ከፀሐይ በአማካይ በካሬ ሜትር 160 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ ከውስጥ የሚወጣው ግን 0.09 ዋት ገደማ ነው። ይህችን ትንሿን ለክተን እንድናያት ፈለግሁ።

ያለኝ 12 ሜትር ጥልቀት ያለው ደረቅ የእጅ ጉድጓድና እስከ 0.1 ዲግሪ የሚያነብ ዲጂታል ቴርሞሜትር ነው። የሌሊቱ ብርድ እንዳይገባ አፉን በሳንቃና በጆንያ ዘጋሁት። ቴርሞሜትሩንም አየር ላይ አላንጠለጠልኩትም፤ ግድግዳውን በብረት ዘንግ እየቀደድኩ ወደ ውስጥ አስገባሁት። (ስወርድ ገመድ የሚይዝ ሰው ነበር፣ አታስቡ።)

ሙቀት በኪሎ ሜትር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይጨምራል ስለሚባል፣ ከላይ እስከ ታች 0.3 ዲግሪ ያህል ጭማሪ ጠብቄ ነበር። ግንቦት ላይ ያገኘሁት ግን ተቃራኒውን ነው። እስከ 6 ሜትር ድረስ በየሜትሩ ወደ 0.2 ዲግሪ ይቀንሳል። ከዚያ በታች ቴርሞሜትሬ ልዩነት አያሳይም። ሙቀቱ ወደ ታች እየወረደ ነው ማለት ነው፤ የበጋው ፀሐይ ገና መሬት ውስጥ አለ።

በየወሩ እየለካሁ የዓመቱን አማካይ ባወጣ የፀሐዩ ውጣ ውረድ ተጣፍቶ የውስጡ ሙቀት ይታየኛል ወይስ ለ12 ሜትር ጉድጓድ ይህ ቴርሞሜትር ጭራሽ አይበቃም?