«ሰው መስለሽኝ ነው»፦ ይቅርታ ነው ወይስ ስድብ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ትናንት ታክሲ ሰልፍ ላይ አንዲት ሴት ከኋላዋ አይቼ የጎረቤታችን ልጅ መሰለችኝና ትከሻዋን ነካ አድርጌ «አንቺ፣ ጠፋሽ እኮ!» አልኳት። ዞር ስትል ሌላ ናት። ደንግጬ «ውይ ይቅርታ፣ ሰው መስለሽኝ ነው» ብላት «እና ሰው አይደለሁም?» ብላ ተቆጣችኝ። ሰልፈኛው ሳቀ። እኔ ግን ቤት እስክገባ ሲከነክነኝ ዋለ። አባባሌ ስሕተት ነበር? ሌላም ልጨምር። አሜሪካ ያደገው የእህቴ ልጅ «መሰለኝ» እና «መስሎኝ» ልዩነታቸው ምንድን ነው ብሎ ጠይቆኝ ማስረዳት አቃተኝ። ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይርዱኝ።

መልስ፦
እህቴ፣ ያልሽው ትክክል ነው፤ አትዘኚ። ጣጣው ያለው «ሰው» የሚለው ቃል ላይ ነው። ታክሲ ውስጥ «ቦታው ሰው አለው?» ስንል ተይዟል ወይ ማለታችን ነው። «የሰው ዕቃ አትንካ» ስንል የሌላ ማለታችን ነው። «እዚያ ቢሮ ሰው አለኝ» ያለ ደግሞ ዘመድ ወይም ወዳጅ አለኝ ማለቱ ነው። አንቺ የተናገርሽው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ የማውቀው፣ የራሴ ሰው። እሷ የሰማችው ግን «ሰው ሁን»፣ «ከእሱ ሰው አይወጣም»፣ «ሰው መሳይ በሸንጎ» የምንልበትን፣ ቁም ነገርና ክብር ያለበትን «ሰው» ነው። የከዳንን ወዳጅ «እኔ እኮ ሰው መስለኸኝ ነበር!» የምንለው በዚህኛው ፍቺ ነው። መጨረሻውን ልብ ብለሽ እዪው፤ «መስለሽኝ ነው» ምክንያት ያቀርባል፣ «መስለሽኝ ነበር» ወደ ወቀሳ ያደላል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ግን ጆሮ ይህን ሁሉ ሊለይ አይደርስም። «የማውቀው ሰው መስለሽኝ» ብትይ ይሻላል።

ወደ እህትሽ ልጅ ጥያቄ ልምጣ፤ እኔ ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። «ቀጠሮው ነገ መሰለኝ» ያለ ሰው እርግጠኛ አይደለም፤ ቢሆንም ያመነው ነገር ገና አልፈረሰም። «ቀጠሮው ነገ መስሎኝ» ያለ ግን ቀጠሮው አልፎበታል። ሁለት ፊደላት ተለውጠው «ስቻለሁ» የሚል ኑዛዜ ገባበት። «መስሎኝ» ላይ «ነው» ወይም «ነበር» ባይጨመርም ሰሚው ስሕተቱን ያውቃል። በመድረክ ላይ አንዱ በሌላው የሚሳሳትበት ቀልድ በሙሉ የተዘረጋው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። መንታው በመንታው ሲሳት፣ ተራው መንገደኛ በሹም ሲሳት፣ ገጸ ባሕርያቱ «መሰለኝ» ላይ ናቸው፤ ተመልካቹ እውነቱን ቀድሞ ስላወቀ ይስቃል፤ መጋረጃው ሊዘጋ ሲል ሁሉም «መስሎኝ» ይላሉ።

አንዲት «ን» ደግሞ አለች። «እህቴን መሰልሽኝ» ብልሽ መልክሽ ከእህቴ ጋር ተቀራረበብኝ ማለቴ ነው፤ ማን እንደሆንሽ አልጠፋኝም። «እህቴ መሰልሽኝ» ካልኩ ግን ተሳስቻለሁ፤ እህቴን አገኘሁ ብዬ ነበር። ለዚህ ነው «ቁርጥ አባቱን» ስንል «ን» የማትቀረው፤ ልጁን ከአባቱ ጋር ያደባለቀው የለማ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን አድራጊው ማን እንደሆነ ነው። «መሰልሽኝ» ውስጥ ባለቤቷ አንቺ ነሽ። የተሳሳትኩት እኔ ሆኜ ሳለ በሰዋስው ተደራጊ ነኝ፤ መልክሽ መጥቶ ያረፈብኝ ዓይነት። «ተሳሳትኩ» ስል ብቻ ነው ጥፋቱን የምወስደው። «አስመሰልሽ» ካልኩ ደግሞ ጥፋቱ ወዳንቺ ይዞራል፤ «አስመሳይ» ከዚያ ይወለዳል።

ይሁን እንጂ አባቶቻችን መምሰልን ሹመት አድርገውትም ያውቃሉ። የአገረ ገዢው ወኪል «ምስለኔ» ይባል ነበር፤ እኔን መሳይ፣ በእኔ ቦታ ያለ ማለት ነው። «እንደራሴ»ም ያው ነው፤ እንደ ራሴ ቁጠሩት። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን «ሊቀ መኳስ» ነው። ዛሬ ማዕረጉን ስንሰማ እንደ ማንኛውም የቤተ መንግሥት ሹመት እናልፈዋለን። ሥራው ግን በጦርነት ጊዜ እንደ ንጉሡ ለብሶ፣ በንጉሡ ጥላ ሥር ሆኖ መታየት ነበር፤ ጠላት ንጉሡን ያገኘ መስሎት ወደ እሱ እንዲተኩስ። በዐድዋ ዘመን ማዕረጉ የሊቀ መኳስ አባተ ቧያለው ነበር፤ በመድፍ ሙያቸው ስማቸው የተነሣ፣ በኋላም ራስ የተባሉ። እስቲ አስቡት፤ ሌሎች ሹማምንት ልብስ የሚለብሱት እንዲታወቁበት ነው፣ እሳቸው የተሾሙበት ልብስ ግን እንዲሳሳቱበት የሚለበስ ነው። በሌላ ሰው ስም ጥይት ለመቀበል የተሰፋ ልብስ! ይህን ማዕረግ የሚያነብ ሁሉ ሥራውን እንዲያስብ እመኛለሁ።

ሌላ አባል፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ላቋርጥዎት። «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውስ? ቁርበት ለምን እንደተመረጠ ለልጆች ሳስረዳ ይከብደኛል።

መልስ፦
ልጄ፣ ጥሩ አነሣህ። ቁርበት ለተከበረ እንግዳ ይነጠፍ ነበር። ጅብ ደግሞ ቁርበት ሲያገኝ የሚበላ ነው። የሚያውቁት አገር ቢሆን በዱላ ይመለሳል እንጂ ማን አንጥፎለት! የተረቱ ጉልበት «ከማያውቁት» በምትለው ላይ ነው፤ አስመሳዩ የሚኖረው በአስተናጋጁ አለማወቅ ነው።

እኛው ራሳችን ሳንኖር በእኛ ስም የተፈጸመ አንድ ታሪክ ልንገርህ። ጥር 30 ቀን 1902 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1910) ስድስት እንግሊዛውያን ድሬድኖት የተባለውን የእንግሊዝን ታላቅ የጦር መርከብ የአበሻ ልዑላን ነን ብለው ጎበኙ። አራቱ ፊታቸውን አጥቁረው፣ ጢም ለጥፈው፣ ጥምጥም ጠምጥመው ነበር፤ ከእነሱ አንዷ በኋላ ቨርጂኒያ ዉልፍ ተብላ በድርሰት የታወቀችው ወጣት ናት። በውጭ ጉዳይ ሹም ስም ቴሌግራም ቀድሞ ስለተላከ የክብር ዘብ ቆሞ ጠበቃቸው። ያገራችን ሰንደቅ ዓላማ ስላልተገኘ የዛንዚባር ተሰቀለ፤ መዝሙሩም የዛንዚባር ነበር። አስተርጓሚ የሆነው የቨርጂኒያ ወንድም አድሪያን ሲሆን፣ በትምህርት ቤት የሸመደደውን የቨርጂልን የላቲን ግጥም አነባበቡን እያበላሸ ያወርድ ነበር። ለመኮንኖቹ የአበሻ ቋንቋ መሰላቸው። መርከቡ ላይ የነበረ አንድ መኮንን የወንድምና የእህቲቱ የአክስት ልጅ ነው፤ እሱም አላወቃቸውም። ጋዜጦች ሲያወጡት ነው «መስሎን» የመጣው።

ብዙ ሰው ይህን የሚያወራው በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለመሳቅ ነው። እኔን የሚያመኝ ሌላው ነው። ዐድዋ ካለፈ ገና 14 ዓመቱ ነበር። ስማችን እዚያ ደርሷል፤ ከቋንቋችን ግን አንዲት ቃል የሚለይ ጆሮ በዚያ መርከብ ላይ አልነበረም። የተቀባ ፊትና የማይገባ ድምፅ ለእኛነት በቂ ማስረጃ ሆኖ አለፈ። «ከአነጋገር ይፈረዳል» የሚለው ተረታችን እዚያ የሚፈርድ አላገኘም።

ሌላ አባል፦
መልክ አይቶ መፍረድ እኛም ጋ እኮ አለ። «ጸጉረ ልውጥ» የሚለውን ቃል ልጅ ሆኜ ስሰማው በእውነት ጸጉሩ የተለወጠ ሰው እፈልግ ነበር። ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ፣ መልኩ ያልተለመደ ማለት ነው፤ ግን ከ«ጠቁሙ» ጋር አብሮ ስለሚነገር እንግዳው ገና ሲታይ ተጠርጣሪ ይሆናል። ዓይኑ ጠበብ ያለውን እንግዳ ሁሉ «ቻይና! ቻይና!» የሚሉትን ልጆች ስሰማም ያሳፍረኛል። አንድ ጊዜ እንዲህ የተጠራ ሰው ኮሪያዊ ነኝ ብሎ መለሰላቸው። የእኛው ጦር፣ ቃኘው ሻለቃ፣ በ1943 ዓ.ም. ለኮሪያ ሊዋጋ ከዚህ አገር መዝመቱን የነገራቸው የለም።

መልስ፦
ትክክል ነህ፤ ለልጆቹ ይነገራቸው። ደግሞ «ቃኘው» ራሱ የራስ መኰንን የፈረስ ስም መሆኑንም ጨምርላቸው፤ ልጅ በፈረስ ታሪክ ይያዛል።

ጠያቂዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማታ ለእህቴ ልጅ በስልክ ሁሉንም አነበብኩለት። «አክስቴ፣ አሁን የገባኝ መሰለኝ» አለኝ። «መሰለኝ ነው መስሎኝ?» ብዬ ጠየቅኩት። ጥቂት አሰበና «አሁን መሰለኝ። ነገ ፈትኚኝ፤ ከወደቅኩ የገባኝ መስሎኝ እልሻለሁ» አለ።