የሸመር ነገድ፦ ከጣይ ወይስ ከሕምያር ንጉሥ?

ጥያቄ፦
ስለ ዐረቡ የሸመር ነገድ ሳነብ የማይገጥም ነገር አጋጠመኝ። አንዱ ዘራቸውን ከሕምያር (ከጥንቱ የየመን መንግሥት) ንጉሥ ከሸመር ዩሀርዒሽ ይስባል፤ ሌላው ከጣይ ነገድ ናቸው ይላል። የቱ ነው ልክ? «አል-ሸመሪ» የሚባል ሁሉስ የአንድ አባት ልጅ ነው? በልግስናው ከታወቀው የጣይ ባለቅኔ ከሓቲም አል-ጣኢ ጀምሮ 14 ስም ብቻ የሚቆጥር የዘር ሐረግም አይቻለሁ።

መልስ 1፦
የንጉሡን ነገር ተወው፤ የስም መመሳሰል ነው። ጣይ የሚቆጠረው በሰበእ ልጅ በከህላን በኩል ወደ ሰበእ ነው። ሕምያር ደግሞ የከህላን ወንድም ነው። ስለዚህ በዐረቦቹ በራሳቸው አቆጣጠር የሕምያር ንጉሥ ከአጎት ወገን ይሆናል እንጂ አባት አይሆንም።

ትውፊቱ እንደሚለው ጣይ ከየመን ወጥቶ ዛሬ የሓኢል ከተማ (ሰሜን ሳዑዲ ዐረቢያ) ካለችበት አጠገብ፣ በአጀእና በሰልማ ተራሮች ሰፈረ። ስሙ ከመግነኑ የተነሣ የሱርስት ጸሐፍት ዐረቡን ሁሉ «ጣያዬ» ይሉት ነበር። ኋላ ግን ቅርንጫፉ ሸመር ግንዱን ጣይን ዋጠው፤ የጣይ ተራራም «ጀበል ሸመር» ተባለ።

መልስ 2፦
የአንድ አባት ልጆችስ አይደሉም። ትልልቆቹ ክፍሎች ዐብዳ፣ አስለምና ዞባ ናቸው። ከእነዚህ ዐብዳዎቹ በአፍ ትውፊታቸው ከደቡብ፣ ከቀሕጣን ነገድ መጥተው እንደተቀላቀሉ ይናገራሉ። ሆኖም ሓኢልን ከ1830ዎቹ እስከ 1921 (እ.ኤ.አ.) የገዙት አል ረሺዶች የወጡት ከዚሁ ከዐብዳ ነው! «ሸመር» ደምም ቃል ኪዳንም ነው ማለት ይሻላል።

ከሸመር መሪ ቤቶች አንዱ የሆኑት የአል ጀርባ ሼኮች ደግሞ በ1791 በሳዑዲዎች ከተሸነፉ በኋላ ወደ ኢራቅ አቀኑ፤ በጤግሮስና በኤፍራጥስ መካከል ባለው ጀዚራም ስማቸው ገነነ። በ2004 የኢራቅ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጋዚ አል-ያዊር ከዚህ ቤት ናቸው። በደቡብ ኢራቅ ሺዓ የሆኑ ሸመሮችም አሉ፤ ስለዚህ በሃይማኖት ልለይ ብትል ትሳሳታለህ።

«አል-ሸመሪ» የሚለው የሚነግርህ የነገዱን ስም ብቻ ነው። የሚለየው «ፈኽዝ» ነው፤ ቃሉ ጭን ማለት ነው፣ በነገድ አከፋፈል ከ«በጥን» (ሆድ) በታች ያለው ክፍል።

መልስ 3፦
14ቱን ስም በሒሳብ ፈትነው። ኢብን ኸልዱን በ100 ዓመት ሦስት ትውልድ ይቆጥር ነበር። ሓቲም የኖረው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ከዚያ ወዲህ 1,400 ዓመት ገደማ ስለሆነ ወደ 42 ስም ይጠበቃል። በ14 ስም ከተካፈለ እያንዳንዱ አባት በ100 ዓመቱ ወለደ ማለት ነው።

ይህ ግን ሆን ተብሎ የተፈጠረ ውሸት ላይሆን ይችላል። በቃል የሚወርድ ሐረግ የሚሳሳው መሀሉ ላይ ነው። የቅርቦቹ አያቶች ውርስና የደም ካሳ ስለሚነካቸው በደንብ ይታወሳሉ፤ የላይኛው ዝነኛ አባትም አይረሳም፤ የመሀሎቹ ግን ለማንም ስለማይጠቅሙ ይወድቃሉ። «ኢብን» የሚለውም የግድ የወለደውን አያመለክትም፤ ከሩቅ አያት ጋርም ይገባል።

እኔ ብሆን ከታች ወደ ላይ እቆጥርና ፈኽዙ ስሙን ያገኘበት አያት ጋ ስደርስ እቆማለሁ። ከዚያ በላይ ያለውን ከሌላ የዚያው ፈኽዝ ቤተሰብ ሐረግ ጋር አስተያየው።