«ኮኔክት»፣ «አታች»፣ «ጆይን»፣ «ሊንክ»፦ «ማገናኘት» የቱ ነው?

መመሪያ_ተርጓሚዋ

የውሃ ፓምፕ መግጠሚያ መመሪያ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ ነው። ዋናው ጽሑፍ «ማገናኘት» እና «ማያያዝ»ን እየደጋገመ ስለሚጠቀም ሁሉንም «ኮኔክት» ብዬ አለፍኩት። አራሚው አራቱን ሰርዞ መለሰልኝ፤ ምክንያቱን ግን አልጻፈም።

1. ሁለቱን ቧንቧዎች ጫፍ ለጫፍ ያገናኙ።
2. መደገፊያውን ብረት ከግድግዳው ጋር በአራት ብሎን ያያይዙ።
3. የፓምፑ መንቀጥቀጥ ከአየር መግባት ጋር የተያያዘ ነው።
4. ሥዕሉ ከዚህ መመሪያ ጋር ተያይዟል።

«ቱቦውን ከፓምፑ ጋር ያገናኙ» የሚለውን ግን «ኮኔክት» እንዳለ ትቶልኛል። መዝገበ ቃላት ሁሉንም «አገናኘ፣ አያያዘ» ብሎ ነው የሚያልፋቸው። በምን ልለያቸው?

ሰዋስው_ወዳድ

አራሚው ልክ ነው። እኛ ነገሮቹ አንድ ላይ መሆናቸውን ብቻ ተናግረን እናልፋለን፤ እንግሊዝኛው ግን ከተያያዙ በኋላ ምን እንደሆኑ ይጠይቃል።

«ኮኔክት» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱ መካከል የሚያልፍ ነገር ሲኖር ነው፦ ውሃ፣ ኤሌክትሪክ፣ መረጃ፣ መንገደኛ። ቱቦው ከፓምፑ ጋር ሲገናኝ ውሃ ያልፋል፤ ቱቦው ቱቦ፣ ፓምፑም ፓምፕ ሆኖ ይቀራል። የተተወልሽ ለዚህ ነው።

«ጆይን» ሁለት ነገሮች ጫፍ ለጫፍ ወይም ጎን ለጎን ገጥመው አንድ ሲሆኑ ነው፦ ሁለት ቧንቧ፣ ሁለት ጣውላ፣ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ። ተራ ቁጥር 1 ስለዚህ «ጆይን ዘ ቱ ፓይፕስ» ይሆናል። እዚህ ላይ «ኮኔክት» ስሕተት ነው ለማለት ይከብዳል፣ አንባቢም አይጠፋውም። ግን «ጫፍ ለጫፍ» የሚለውን ሐሳብ በራሱ ይዞ የሚመጣው «ጆይን» ነው።

«አታች» ዋናና ተጨማሪ ይፈልጋል። ትንሹ ወደ ትልቁ፣ የሚነሣው ወደማይነሣው ይሄዳል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ቦታቸውን አለዋውጪ። «አታች ዘ ሃንድል ቱ ዘ ዶር» ማለት እጀታውን በሩ ላይ ማድረግ ነው። ገልብጠሽ በሩን እጀታው ላይ ብትዪው ያስቃል። «ኮኔክት» ግን ቢገለበጥም ብዙ አይጎዳም፤ ማተሚያውን ከኮምፒውተሩ ብትዪ፣ ኮምፒውተሩን ከማተሚያው ብትዪ ያው ነው።

ተራ ቁጥር 2ን ቀረብ ብለሽ እዪው፤ የኛ ሰው አዘውትሮ የሚሳሳተው እዚያ ነው። «ከግድግዳው ጋር» የሚለውን «ጋር» አእምሯችን ወዲያው «ዊዝ» ያደርገዋል። ከዚያ «አታችድ ዊዝ ዘ ዎል» ይወጣል። እንግሊዝኛ ሰሚ ይህን ሲሰማ ግድግዳውን የማያያዣ መሣሪያ ያስመስለዋል፤ ልክ እንደ ብሎን! ትክክሉ፦ «አታች ዘ ብራኬት ቱ ዘ ዎል ዊዝ ፎር ቦልትስ»። የኛ «ከ…ጋር» «ቱ» ሆነ፣ የኛ «በ» ደግሞ «ዊዝ» ሆነ። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በቃል መያዝ ረጅም ዝርዝር ከማጥናት ይሻላል። «ሜሪድ ዊዝ» የሚለው የተለመደ ስሕተትም ከዚያው «ጋር» የመጣ ነው፤ «ሜሪድ ቱ» ነው የሚባለው።

«ጆይን» ላይ ደግሞ አማርኛው ይረዳሻል። «ቡድኑን ተቀላቀለ» ስንል «ን» አለ እንጂ «ጋር» የለም፤ እንግሊዝኛውም «ጆይንድ ዘ ቲም» ብሎ ያለ መስተዋድድ ይሄዳል። ሰው ግን ስብሰባ ሲሆን «ጆይን ቱ ዘ ሚቲንግ» ይላል። «ቱ» የሚመጣው ሁለት ዕቃ ሲኖር ነው፦ አንዱን ቧንቧ «ቱ» ሌላው።

ብሎንና_ዳዶ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ለመግጠሚያ መመሪያ ግን የሚጎድል ነገር አለ። ተራ ቁጥር 2 ላይ «አታች» ይሠራል፣ ግን እንዳይወድቅ ጥብቅ አድርጎ መያዙ ዋና ጉዳይ ከሆነ «ፋስን» ወይም «ሴኪዩር» ይበልጣል። «አታች» የወረቀት ማስታወሻም በአግራፍ ሲያያዝ ይባላል፤ ጥንካሬውን አይነግርሽም። (በነገራችን ላይ «ፋስን» ሲጻፍ መሐሉ ላይ «ት» አለው፣ ሲነበብ ግን አይሰማም።)

«ፋስን»ና «ታይትን»ን አታምታቺ። የሚፋሰነው ብረቱ ነው፤ የሚታይተነው ብሎኑ ወይም ዳዶው ነው። «ታይትን ዘ ብራኬት» ብለሽ ብትጽፊ ሠራተኛው የቱን እንደሚያጠብቅ ግራ ይገባዋል። ቅደም ተከተሉም በቃላቱ ይለያል፦ መጀመሪያ አራቱንም በእጅ ማስገባት፣ ይህ «ሃንድ ታይትን» ነው፤ ብረቱን ማስተካከል፤ ከዚያ በመፍቻ በሰያፍ እያፈራረቁ ማጥበቅ፣ ይህ «ታይትን» ነው። ሁለቱንም በአንድ ቃል ከጻፍሽው ሰውየው የመጀመሪያውን ብሎን እስከ መጨረሻው ያጠብቀዋል፤ ብረቱ ይጣመምና የቀሩት ቀዳዳዎች አልገጥም ይላሉ።

«መግጠም»ም አንድ ቃል አይደለም። ፓምፑን መቀመጫው ላይ ማስቀመጥና ማሰር «ማውንት»፣ ጎማ ማሸጊያውን ቦታው ላይ ማስገባት «ፊት» (የኛው ፊት አይደለም)፣ ብትን ክፍሎችን አንድ ዕቃ ማድረግ «አሴምብል»፣ ሙሉውን ተክሎ ለሥራ ማዘጋጀት «ኢንስቶል» ነው። መመሪያሽ «ፊክስ» የሚል ቃል ካለውም ብታወጪው እመክራለሁ፤ ለአንዱ አንባቢ «አጥብቀህ እሰር»፣ ለሌላው «ጠግን» ነው።

ስሞቹም እንዲሁ ናቸው። «ኮኔክተር» የኤሌክትሪክ ወይም የቱቦ መጋጠሚያ ዕቃ ነው፤ «ኮኔክሽን» ግን ግንኙነቱ ወይም የተገናኘበት ቦታ እንጂ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ «2 ኮኔክሽን ግዛ» አይባልም። «ፋስነር» ብሎን፣ ቪት፣ ሚስማርና የመሳሰሉት የጋራ ስም ነው። «ጆይንት» የተጋጠመበት ቦታ፣ «ካፕሊንግ» ደግሞ ሁለት ቧንቧ የሚቀጥለው ቁራጭ ወይም የሞተሩን ዘንግ ከፓምፑ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክፍል ነው። አንድ መመሪያ ውስጥ ሁለቱም «ካፕሊንግ» ካሉ «ፓይፕ» እና «ሻፍት» የሚሉትን ከፊታቸው ጨምሪ፤ ያለዚያ የመለዋወጫ ዝርዝሩ ይደባለቃል።

ሰዋስው_ወዳድ

«ታይትን» ላይ የተባለው ጥሩ እርማት ነው፤ እኔ ዘልዬው ነበር። ተራ ቁጥር 3 እና 4 ሳይመለሱ ቀርተዋል።

ቁጥር 3 ዕቃ አይደለም፣ ሐሳብ ነው። እዚህ «አታች» ፈጽሞ አይገባም። «ሪሌትድ ቱ» ልቅ ነው፤ ዝምድና አለ ይላል፣ ምን ዓይነት እንደሆነ አይናገርም። «ሊንክድ ቱ» ማስረጃ ሲኖር ነው፣ ግን አንዱ ሌላውን አመጣው ብሎ አይፈርድም። ጋዜጦች በሽታንና ምግብን ሲያነሡ የሚወዱት ለዚሁ ነው። «አሶሽየትድ» የጥናት ጽሑፍ ቃል ነው፣ እሱ «ዊዝ» ይወስዳል። «ኮሪሌትድ» ቁጥር ተለክቶ ሲነጻጸር ብቻ እንጂ ለጌጥ አይደለም።

ለመመሪያ ግን አንዳቸውንም አልመርጥም። ፓምፕ በመምጠጫው መስመር አየር ከሳበ ይንቀጠቀጣል፤ ይህ ምክንያትና ውጤት ነው። አማርኛው «የተያያዘ ነው» ብሎ ቢያለሰልሰውም እንግሊዝኛው ቀጥ ብሎ ይናገር፦ «ኤር ኢን ዘ ሳክሽን ላይን ኮዝስ ቫይብሬሽን»።

ቁጥር 4 የሚወሰነው ሥዕሉ ባለበት ቦታ ነው። በኢሜይል ፋይል ከሆነ ወይም ከወረቀቱ ጋር ከተሰፋ «አታችድ»፤ ለብቻው ታጥፎ በአንድ ፖስታ ወይም ካርቶን ውስጥ ከመጣ «ኢንክሎዝድ»፤ መመሪያው መጨረሻ ላይ ከታተመ ሁለቱንም ትተሽ «ሲ አፔንዲክስ» ብለሽ ገጹን ስጪ። «አታችድ ዊዝ ዚስ ማንዋል» ግን ያው የ«ጋር» ስሕተት ነው።

መመሪያ_ተርጓሚዋ

በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ «ኮኔክት ቱጌዘር» እና «ሁክ አፕ» የሚሉትን መጠቀም ይቻላል? ደግሞስ ለአንድ ሥራ ቃል እያቀያየርኩ ብጽፍ አይሻልም? ድግግሞሹ ያሰለቻል።

ብሎንና_ዳዶ

ለድርሰት አዎ፣ ለመመሪያ አይሆንም። ገጽ 3 ላይ «ኮኔክት» ያልሽውን ገጽ 7 ላይ «አታች» ብትዪው አንባቢው ሌላ ሥራ መስሎት ሌላ ቀዳዳ ይፈልጋል። ለአውሮፕላን ጥገና ሰነዶች ተብሎ የተዘጋጀው ኤኤስዲ-ኤስቲኢ100 የሚባለው የቀላል እንግሊዝኛ ደንብ መሠረቱ ይኸው ነው፦ አንድ ቃል፣ አንድ ፍቺ። የትእዛዝ ዓረፍተ ነገርም ከ20 ቃላት እንዳይበልጥ ይላል። አማርኛው ላይ «ማገናኘት» ያለበትን ቦታ ሁሉ አውጪና ከጎኑ የመረጥሽውን ግስ ጻፊ፤ ከዚያ አንዱን ለአንድ ሥራ አጽኚው። የመፍታቱም ግስ ከመግጠሙ ግስ ጋር ይሂድ፦ «ኮኔክት» ካልሽ ሲፈታ «ዲስኮኔክት»፣ «አታች» ካልሽ «ዲታች»፣ «ፋስን» ካልሽ «አንፋስን»። ሲገጠም «አታች»፣ ሲፈታ «ዲስኮኔክት» የሚል ገጽ ካገኘሽ አንዱ ቦታ ላይ ተሳስተሻል ማለት ነው።

«ቱጌዘር» ትርፍ ነው፤ «ኮኔክት» ውስጥ አለ። ከ«ጆይን» ጋር በንግግር ይለመዳል፣ ከ«መርጅ» ጋር ግን ጭራሽ አያስፈልግም። «ሁክ አፕ» ለዕቃ የወሬ ቋንቋ ነው፣ መመሪያ ላይ አይጻፍ። ለሰው ሲሆን ደግሞ አብሮ ማደርን ያመለክታል፤ ለሥራ ባልደረባ «ነገ እንገናኝ» ለማለት እንዳታስቢው።

ሰዋስው_ወዳድ

እዚያው «እንገናኝ» ላይ፦ «ትናንት ከደንበኛው ጋር ተገናኘን» «ዊ ኮኔክትድ» አይደለም፣ «ዊ ሜት» ነው። «ኮኔክትድ ዊዝ» ካልሽ ልብ ለልብ ተግባባን ማለት ይሆናል። «ዊዝ» ከ«ኮኔክት» ጋር በደንብ የሚስማማው እዚህ ላይ ነው፣ ሰው ከሰው ሲሆን፤ ለቱቦሽ «ቱ» ይበቃዋል።