ጥቆማ፦ ጫካና ወንዝ ባለበት ሸለቆ ለመሮጥ የትኛው መስመር ይሻላል?

ሜዳ የለመደው፦
ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን የምሮጠው አስፋልትና ሜዳ ላይ ነው። አሁን ዳገት ቁልቁለቱ የበዛ፣ ጫካ የለበሰ የወንዝ ሸለቆ አግኝቻለሁ። ሦስት ምርጫ አለኝ። አንዱ ወንዙን ዳር ዳሩን ይዞ ሄዶ በመጡበት መመለስ። ሌላው ላይ ላዩን በሸንተረሩ መሮጥ። ሦስተኛው በአንዱ ወገን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ በማዶው ወጥቶ ዞሮ መምጣት። ሜዳ ላይ 10 ኪሎ ሜትር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ባነሰ እጨርሳለሁ። ከየትኛው ልጀምር? መስመር የሚያሳይ ጥሩ አፕም ካለ ጠቁሙኝ። ጫማ ገዝቻለሁ፣ እሱን አልጠየቅኩም።

ስፒድክሮስ ብቻ፦
ምን ጫማ ገዛህ? የሳሎሞን ስፒድክሮስ ካልሆነ መልሰው።

ዳገት ወዳጅ፦
አልጠየቅኩም አለ እኮ! ወንድሜ፣ ወንዝ ዳሩን አስቀድም። የደከመህ ቦታ ላይ ዞረህ መመለስ ትችላለህ። ዙሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ማዶ ተሻግረህ እግርህ ቢዝል ከፊትህም ዳገት፣ ከኋላህም ዳገት ነው። ሸለቆ ከተራራ የሚለየው በዚህ ነው። ተራራ ላይ መጀመሪያ ትወጣለህ፣ ሲደክምህ ትወርዳለህ። ሸለቆ ላይ ደስ እያለህ ትወርድና መውጫው በደከመ እግር ይጠብቅሃል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዋናተኛ ብቻ አይደለም።

ሌላው፣ ኪሎ ሜትሩን እርሳውና የዳገቱን ድምር ተመልከት። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ለተራራ ተጓዦች ያወጣው ስሌት አለ። ሲመነዘር 1 ሜትር ሽቅብ እንደ 8 ሜትር ሜዳ ይቆጠራል። 10 ኪሎ ሜትር ሮጠህ በድምሩ 400 ሜትር ከወጣህ፣ 13 ኪሎ ሜትር ከምናምን ሜዳ እንደሮጥክ ቁጠረው። ስለዚህ አንድ ሰዓት ይበቃኛል ብለህ ከሰው ጋር ቀጠሮ እንዳትይዝ። ጭቃውና የዛፉ ሥር ገና አልተቆጠረም።

ድልድይ አጣሁ፦
ስለ አፕ ከሆነ እኔን ስማኝ። ስሙን አልጠራም፣ ግን የዓመት ከፍዬ የምጠቀምበት አፕ ነበር፣ ልክ አንተ ሦስተኛ ያልከውን ዓይነት ዙር ራሱ አወጣልኝ፣ «ቀላል» ብሎም ጻፈበት፣ እኔም አምኜ ወረድኩ፣ ታች ስደርስ ካርታው ላይ ድልድይ አለ፣ መሬት ላይ ድልድይ የለም! ወዲህና ወዲያ ሁለት ምሰሶ ቆሟል፣ መሃሉ ባዶ። ስልኩ ኔትወርክ የለውም። አፑ «ወደ መስመሩ ይመለሱ» እያለ ይጮሃል፣ መስመሩ ደግሞ ውሃው ውስጥ ነው። በወረድኩበት ወጣሁ፣ መንገድ ላይ ጨለመብኝ። ጽፌላቸው ምን ብለው የመለሱልኝ ይመስላችኋል? «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን»። በቃ። ገንዘቤን አልመለሱ፣ ድልድዩን ከካርታው አላጠፉ።

ተረበኛው፦
እና ድልድዩን አፑ ነው የወሰደው?

ድልድይ አጣሁ፦
ላንተ ቀልድ ነው። በጨለማ ጫካ ውስጥ ዳገት ወጥተህ ታውቃለህ?

ተረበኛው፦
አላውቅም። ለድልድዩ አንድ ኮከብ ስጠውና ይውጣልህ።

ለምለም ጥላ፦
ኧረ አትቀልዱበት፣ እኔም ተቃጥያለሁ። የእኔ ግን ሰዓቱ ነው። ወንዝ ዳር ሮጬ ስመለስ ካርታው ላይ ሳየው ግማሹን መንገድ ወንዙ መሃል ሮጣለች ይላል። ከጓደኛዬ ጋር ጎን ለጎን ሮጠን የእሷ ርቀት ከእኔ ይለያል። ደግሞ ርካሽ ሰዓት አይደለም!

ካርታ ወዳጅ፦
የሁለታችሁ ጣጣ ይለያያል። የሰዓቱ ነገር የቦታው ጠባይ ነው። ጂፒኤስ የሚሠራው ከሳተላይት ምልክት እየተቀበለ ነው። ቅጠሉ ምልክቱን ያዳክመዋል። የሸለቆው ግድግዳ ደግሞ ግማሹን ሰማይ ይሸፍናል፣ ምልክቱንም አንጥሮ ይመልሰዋል። ነጥሮ የመጣ ምልክት ስለሚዘገይ ሰዓቱ ሌላ ቦታ ያለሽ ይመስለዋል። ኤል1 እና ኤል5 የሚባሉትን ሁለቱንም ሞገዶች የሚቀበሉ ሰዓቶች የተሻሉ ናቸው፣ ግን እነሱም ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ይስታሉ። የዳገቱን ድምር የአየር ግፊት በሚለካ ሰዓት ብታዪው ይሻላል። እሱም ቢሆን አየሩ በድንገት ሲለወጥ ይታለላል።

ድልድዩን በተመለከተ፣ ብዙ አፖች፣ ኮሙትን ጨምሮ፣ ካርታቸውን የሚወስዱት ከኦፕንስትሪትማፕ ነው። እሱን ደግሞ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንድ ሰው ድልድዩን ሳለው፣ ወንዙ ወሰደው፣ ማንም ገብቶ አላጠፋውም ማለት ነው። አንተ ራስህ ገብተህ ማስተካከል ትችላለህ፣ አካውንት መክፈት ብቻ ነው። እኔ የማደርገው መስመሩን በኮሙት አወጣና ሯጮች ሩጫቸውን የሚመዘግቡበትን አፕ፣ የስትራቫን የሙቀት ካርታ ደርቤ አያለሁ። ሰው የሚሮጥበት መንገድ ደምቆ ይታያል። ድምቀቱ ወንዙ ጋ ሲደርስ ወዲህም ወዲያም ከተቆረጠ እዚያ የሚሻገር የለም። የሙቀት ካርታው ግን ያለፈውን እንጂ የዛሬን አይነግርህም። ደግሞ ካርታውን ቤት እያለህ ስልክህ ላይ አውርደው፣ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ አትጠብቅ።

ድልድይ አጣሁ፦
ከፍዬም እኔው ላስተካክልላቸው?

ስፒድክሮስ ብቻ፦
አፕ ይሳሳታል፣ ሰዓት ይሳሳታል፣ ስፒድክሮስ አይሳሳትም።

ርጥብ ድንጋይ፦
ስፒድክሮስ ለስላሳ ጭቃ ላይ ጥሩ ነው፣ እሺ። ወንዝ ዳር ያለው ግን ርጥብ ድንጋይ ነው። የሶሉ ጥርስ ሲረዝም ድንጋዩን የሚነካው ቦታ ያንሳል። እዚያ ሆካ ስፒድጎት ይሻላል፣ ሶሉ ቪብራም ሜጋግሪፕ የሚባለው ርጥብ ላይ የሚይዝ ጎማ ነው፣ ጥርሱም 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለሁለቱም ይሆናል።

ስፒድክሮስ ብቻ፦
ስንት ጥንድ ጨርሻለሁ መሰለህ፣ አንድም ቀን አልወደቅኩም።

ርጥብ ድንጋይ፦
ወንዝ ዳር?

ስፒድክሮስ ብቻ፦
ወንዝ ዳር አልሮጥም፣ ያንሸራትታል።

ተረበኛው፦
😂😂 ክርክሩ አበቃ።

ጉልበቴ፦
ልጆች፣ መሃል ገባሁ አትበሉኝ። ዕድሜዬ 60 አልፏል። ዳገቱን ቀስ እያልኩ እወጣለሁ፣ ቁልቁለቱ ነው የሚገድለኝ። ሰው ሁሉ የሚፈራው ዳገት ነው፣ የእኔ ለምን ተገላቢጦሽ ሆነ?

ዳገት ወዳጅ፦
ጋሼ፣ ተገላቢጦሽ አይደለም። ሲወርዱ የጭንዎ ጡንቻ እየተሳበ ነው ፍሬን የሚይዘው። ከማንኛውም እንቅስቃሴ በላይ ጡንቻን የሚጎዳው ይሄ ነው፣ ሕመሙም የሚብሰው በማግስቱና በሠልስቱ ነው። እነ ሚኔቲ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሯጭ ትንሹን ጉልበት የሚያወጣው 20 በመቶ ገደማ በሚያዘቀዝቅ ቁልቁለት ላይ ነው። ከዚያ በላይ ሲያዘቀዝቅ ወጪው እንደገና ይጨምራል፣ ፍሬን መያዙ ራሱ ሥራ ስለሆነ። እና ሳንባ «ቀለለኝ» ሲል እግር ዕዳውን ይሸከማል። እርምጃዎን ያሳጥሩ፣ ወደ ኋላ አይንጋለሉ፣ በጣም የሚያዘቀዝቀውን ቁልቁለት ደግሞ ተራምደው ይውረዱ። ሁለት ምርኩዝ ቢይዙ ይረዳዎታል። ሕመሙ መገጣጠሚያው ላይ ከሆነና ካልተወዎት ግን ሐኪም ይይዎት።

ጉልበቴ፦
ተባረክ ልጄ። ምርኩዙ አለኝ፣ የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል ብዬ ነው የደበቅኩት።

ለምለም ጥላ፦
ይሳቁ ጋሼ፣ እርስዎ ይሩጡ!

የማለዳ ሯጭ፦
ሸንተረሩን ማንም አላነሳውም? በማለዳ የምትሮጥ ከሆነ እሱ ነው የሚሻልህ። ሌሊት የቀዘቀዘ አየር ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል። ጉሙም ታች ነው፣ ቅዝቃዜውም ታች ነው፣ የዛፍ ሥሩም ሁሉ ርጥብ ነው። ርጥብ ሥር ከርጥብ ድንጋይ ይብሳል፣ ወለምታ የሚመጣው ከእሱ ነው፣ ተሻገረው እንጂ አትርገጠው። ላይ ላዩን ስትሮጥ ፀሐይ ቀድማ ታገኝሃለች፣ ብዙ ጊዜ ኔትወርክም አለ። መብረቅ ካለ ብቻ ሸንተረር ላይ አትገኝ።

ሜዳ የለመደው፦
በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ፣ ድልድይ ከሌለ በእግር መሻገርስ? ውሃው ጥልቅ አይመስልም።

ድልድይ አጣሁ፦
እንዳታደርገው!!

ተረበኛው፦
እሺ፣ ቀልዱን ትቼ ልንገርህ። ጥልቀቱን ብቻ አትይ። ጉልበት የማይደርስ ፈጣን ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋህ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ደፍርሶ ወይም እንጨትና ቅጠል ይዞ ከወረደ ጨርሶ አትግባ። አንተ ጋ ፀሐይ ሆኖ ከላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል፣ ደራሽ ውሃ ያንተን ሰማይ አይቶ አይመጣም። ስትሄድ ቁርጭምጭሚት የነበረው ስትመለስ ወገብ ሊደርስ ይችላል። የግድ ከሆነብህ፣ ሰፋ ብሎ የሚፈስበትን ቦታ ፈልግ፣ ጫማህን አታውልቅ፣ የቦርሳህን ማሰሪያ ፍታ፣ ውሃው ወደሚመጣበት ዞረህ በዱላ እየተደገፍክ በጎን በጎን ተሻገር። ከታችህ የወደቀ ግንድ ወይም ፏፏቴ ካለ ግን እርሳው። በመጣህበት ተመለስ፣ ዳገቱ አይገድልህም።

ድልድይ አጣሁ፦
እንዲህ ቁምነገር ታውቅ ነበር እንዴ? ያኔ የት ነበርክ?

ተረበኛው፦
ምሰሶው ላይ ተቀምጬ።

ካርታ ወዳጅ፦
@ሜዳ የለመደው፣ የቱን መረጥክ? ሸለቆው ምን ያህል ጥልቀት እንዳለው ብትነግረን ደግሞ በደንብ መምከር ይቻል ነበር።

ጋሪ ገፊ፦
ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። እኔ ልጄን በጋሪ እየገፋሁ ነው የምሮጠው። ከሦስቱ የትኛው ይሆነኛል?

ዳገት ወዳጅ፦
እህቴ፣ ዙሩንና ሸንተረሩን ተያቸው። ወንዝ ዳሩም ሰፊ ሆኖ ጠጠር የፈሰሰበት ከሆነ ነው የሚሆንሽ፣ ቀጭን የእግር መንገድ ከሆነ ጋሪው አያልፍም። መጀመሪያ ብቻሽን ተራምደሽ እዪው። የጋሪውን ማሰሪያ ደግሞ እጅሽ ላይ እሰሪው፣ መንገዱ ወደ ውሃው ያዘነበለበት ቦታ አይጠፋም።

ስፒድክሮስ ብቻ፦
ምን ጫማ ነው ያለሽ?