ኤግሞንት ለንጉሡ ታማኝ ከነበረ ለምን አንገቱ ተቀላ?

ግራ ገባኝ፦
ሰላም ወገን። ብራስልስ ፕቲ ሳብሎን የምትባል መናፈሻ ውስጥ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን የቆሙበት ሐውልት አለ፤ ካውንት ኤግሞንትና ካውንት ሆርን፤ ያኔ በስፔን ንጉሥ ሥር የነበረችው የኔዘርላንድስ (የዛሬው ቤልጅየምና ሆላንድ አካባቢ) መኳንንት ናቸው። እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1568 ግራንድ ፕላስ ላይ አንገታቸው ተቀልቷል። ኤግሞንት ግን እስኪሞት ካቶሊክ ነበር፤ በ1557 እና በ1558 ፈረንሳዮችን ድል ነስቶ የስፔኑን ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፕን ያኮራ ጀግና ነው። ታዲያ ምን አጥፍቶ?

የድሮ ሰው፦
መሃል ቆሞ ነዋ! በ1565 ስፔን ድረስ ሄዶ በፕሮቴስታንቶች ላይ የወጣው አዋጅ ይላላልን ብሎ ለመነ። ንጉሡ በክብር ተቀብሎ በክብር ሸኘው፣ እሱም ነገሩ ያለቀ መስሎት ደስ ብሎት ገባ። ወራት ሳይቆይ ደብዳቤ መጣ፤ አዋጁ እንዳለ ይጽና። በ1566 ደግሞ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን እየገባ ሥዕሉንና ሐውልቱን ሲሰባብር፣ የፍላንደርስ ገዥ እሱ ነበር፤ ሰይፍ ከመምዘዝ ይልቅ ተደራድሮ ፕሮቴስታንቶቹ አንዳንድ ቦታ እንዲሰብኩ ፈቀደላቸው። ለማድሪድ፣ ለንጉሡ ቤተ መንግሥት ማለት ነው፣ ይሄ ክህደት ነው።

ቀጥታ ልናገር፦
እኔ አላዝንለትም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ሌላው መኳንንት፣ በኋላ የአመፁ መሪ የሆነው የኦሬንጁ ዊልያም፣ ነገሩ ሲሸተው ወደ ጀርመን ውልቅ አለ፤ ኤግሞንት ግን ለንጉሡ እንደ አዲስ ምሎ ቤቱ ተቀመጠ። ይባስ ብሎ አመፁን እንዲቀጣ ንጉሡ ልኮት ጦር ይዞ የመጣውን የስፔን ጄኔራል፣ የአልባን ዱክ፣ መንገድ ድረስ ወጥቶ ተቀበለው።

የድሮ ሰው፦
ቆይ እንጂ፣ የት ይሂድ? ርስቱም ሚስቱም ልጆቹም እዚያው ናቸው። አያያዙ ነው የሚያናድደው። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1567 የአልባ ልጅ ምሳ ጋበዘው፣ ከዚያ የአንትወርፕን ምሽግ ንድፍ እንመልከት ብለው ስብሰባ ወሰዱት፣ ሲወጣ ሰይፍህን አስረክብ ተባለ። በዚያ ላይ የወርቃማው የበግ ጸጉር ኒሻን (የከፍተኛ መኳንንት የክብር ማኅበር) ባለቤት ነው፤ ሊፈርዱበት የሚችሉት የኒሻኑ ጓዶቹ ብቻ ነበሩ። አልባ ግን ሕዝቡ “የደም ሸንጎ” ባለው በራሱ ፍርድ ቤት ጨረሰው።

ግራ ገባኝ፦
ከታሰረ ዘጠኝ ወር ገደማ ቆይቶ የተቸኮለው ለምንድን ነው?

የድሮ ሰው፦
ሜይ 23 የዊልያም ወንድም ሰሜን ኔዘርላንድስ ውስጥ ሄይሊገርሌ ላይ የንጉሡን ጦር ስላሸነፈ። አልባ ለዘመቻ ከመውጣቱ በፊት ኋላውን ማጽዳት ፈለገ። ኤግሞንት ግን በመጨረሻዋ ሌሊት እንኳ የጻፈው ለፊሊፕ ነው፤ ታማኝነቱን ገልጾ፣ ሚስቱንና ልጆቹን አደራ ብሎ።