«ገጠሩ ባዶ እየቀረ ነው» የሚለው ነገር

ሰንጠረዥ፦ ትናንት በሬዲዮ አንድ እንግዳ «የገጠር ነዋሪ ድርሻ በየአገሩ እየወረደ፣ ገጠሩም ባዶ እየቀረ ስለሆነ በጀቱ ወደ ከተማ ይዙር» ሲል ሰምቼ እንቅልፍ ነሳኝ። ድርሻ ወረደ ማለት ሰው አለቀ ማለት ነው እንዴ? ሕንድን እዩ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1951 ከመቶው 83 ያህሉ ገጠር ነበር፣ በ2011 ወደ 69 ወርዷል። የገጠሩ ሰው ቁጥር ግን ከ300 ሚሊዮን ገደማ ተነስቶ 833 ሚሊዮን ደርሷል። ባዶው የቱ ጋ ነው?

መንገደኛ፦ የሚመችህን አገር መርጠህ አትሟገት። ቻይና በ2010 674 ሚሊዮን የገጠር ነዋሪ ነበራት፤ በ2020 ወደ 510 ሚሊዮን ወረደ። ከ160 ሚሊዮን በላይ ሰው በአስር ዓመት ከገጠር ቆጠራ ወጣ። እንግዳው ልክ ነው።

ሰንጠረዥ፦ «ከገጠር ቆጠራ ወጣ» ብለሃል። እዚችው ቃል ላይ እንቆይ። ስንቱ ጓዙን ሸክፎ ሄደ? ስንቱስ ቤቱ እንደተቀመጠ ከተማው ሰፍቶ ደረሰበት?

መንገደኛ፦ ቃል አትሰንጥቅ ወንድሜ። ፋብሪካ ፍለጋ የወጣውን ሕዝብ የካርታ ለውጥ ልታደርገው ነው?

ሰንጠረዥ፦ ፍልሰቱን አልካድኩም። የከተማ ወሰን መስፋቱን አንተ እየዘለልከው ነው እንጂ።

ጎተራ፦ ገጠር የሚባለው ምን እንደሆነ ሳትስማሙ ነው የምትጣሉት። ዴንማርክ ውስጥ 200 ሰው ተጠጋግቶ ከኖረ ከተማ ነው፤ ጃፓን ደግሞ 50,000 ትጠይቃለች። ግብፅ ውስጥ ከተማነት የሚሰጠው በአስተዳደር ውሳኔ ስለሆነ፣ በአስር ሺዎች የሚኖሩበት ሰፈር መንደር ተብሎ ይቆጠራል። የገጠር ድርሻዋ ለአስርተ ዓመታት 57 ከመቶ አካባቢ የቆመው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መንገደኛ፦ አገር ከአገር ለማወዳደር ያስቸግራል፣ እሺ። አንድ አገር የራሱን መለኪያ ካልቀየረ ግን አዝማሚያው እውነት ነው።

ጎተራ፦ ይቀይራሉ እኮ! ስሪላንካ በ1987 የትናንሽ ከተሞችን ምክር ቤቶች አፍርሳ ከገጠር አስተዳደር ጋር ስትቀላቅል፣ ነዋሪዎቻቸው ከዚያ በኋላ ገጠር ተብለው ተቆጠሩ። ማንም ከቤቱ አልወጣም።

ሰንጠረዥ፦ ይኸውልህ መንገደኛ።

መንገደኛ፦ አንድ ደሴት አምጥታችሁ የዓለምን ጉዞ ልትገለብጡ? በተባበሩት መንግሥታት ስሌት ከ2007 ገደማ ጀምሮ ከዓለም ሕዝብ ከግማሽ በላዩ ከተሜ ነው።

አዋላጅ፦ ድርሻውን እኔም አምናለሁ። ያናደደኝ «በጀቱ ይዙር» የሚለው ነው። ነፍሰ ጡሯ መቶኛ አይደለችም። የገጠር ድርሻ እየቀነሰ ቁጥሩ በሚያድግበት አገር የምትወልደው እናት፣ የሚከተበው ሕፃን፣ የሚከፈተው ክፍል ሁሉ ይበዛል። ድርሻን አይቶ ገንዘብ የሚያነሳ ሰው እነዚህን ሜዳ ላይ ይጥላቸዋል።

መንገደኛ፦ እህቴ፣ ወጣቱ ሄዶ ሽማግሌ ብቻ የቀረበት መንደር ምን ይባል? እኔ ባዶ የምለው እሱን ነው።

አዋላጅ፦ ሽማግሌ ያለበትን ቤት ባዶ አትበል! ሐኪም አብልጦ የሚፈልገው እሱ ነው።

መንገደኛ፦ የወጣት ባዶ ማለቴ ነው።

ሰንጠረዥ፦ እንግዳው «የወጣት» አላለም። አሁን አንተ ጨመርክለት።

መንገደኛ፦ የጨመርኩት የለም፤ ሐሳቡ ያ ነው። ማታ እመለስበታለሁ።