የልጄ ፓስፖርት ሊያልቅ ነው፤ ዱባይ ያስገቡናል?

ጥያቄ፦ የናሆም እናት (ጎንደር፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018)

እንደምን ዋላችሁ? ጭንቅ ይዞኛል፤ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

ባለቤቴ ዱባይ ነው የሚሠራው። ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ገናን አብረን እንድንውል ብሎ ለእኔና ለልጃችን ትኬት ቆርጦ ላከልን። ታኅሣሥ 20 ከአዲስ አበባ እንበራለን። ቪዛውን ደግሞ በዚህ ሳምንት ላስገባ ስለሆነ ፓስፖርታችሁን ፎቶ አንስተሽ ላኪ አለኝ። ሳጥኑን ከፍቼ አወጣሁት። የእኔ ገና ሦስት ዓመት አለው። የልጁ ግን 12 ኤፕሪል 2026 ያበቃል ይላል።

እናቴ አጠገቤ ነበረች። «2026 ከሆነ ገና ስምንት ዓመት አለው፣ ምን ያስደነግጥሻል?» አለችኝ። እኔም ለአፍታ ልቤ አርፎ ነበር። ኋላ ነው የፈረንጅ መሆኑ ትዝ ያለኝ። በእኛ ሚያዝያ 4 ቀን 2018 ነው። ስንሄድ የሚቀረው ሦስት ወር ተኩል ገደማ ነው።

የምንቆየው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ሳያልቅ ደርሰን ከተመለስን ምን ችግር አለው? ጎረቤቴ «ስድስት ወር ካልቀረው አያስገቡም» ትላለች። ሌላዋ ደግሞ «ለሕፃን አያጠብቁም» አለችኝ። የቷን ልመን? ማሳደስ ካለብኝስ እስከ ታኅሣሥ ይደርሳል? አባቱ እዚህ የለም።

መልስ፦ ሰለሞን ከትኬት ቢሮ

እህቴ፣ የመጀመሪያዋ ጎረቤትሽ ልክ ናት። ፒያሳ ትኬት ቢሮ ውስጥ ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ይህን ጥያቄ ያልሰማሁበት ወር የለም።

የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ ከምትገቢበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ፓስፖርት ትፈልጋለች። የመመለሻ ትኬት መያዝሽ ይህን አይለውጠውም። አገሩ የሚያስበው ሌላ ነው፤ ሰው ታሞ ቢተኛ ወይም ጉዳይ ይዞት ቢቆይ፣ መመለሻ ሰነዱ በእጁ ሳለ እንዳያልቅበት ነው። ለሕፃንም የተለየ ሕግ የለም። አራስም ቢሆን የራሱ ፓስፖርት አለው፣ የሚቆጠርለትም እንደ አዋቂ ነው።

አሁን ወደ ኋላ ቁጠሪ። ከ12 ኤፕሪል ስድስት ወር ስትቀንሺ 12 ኦክቶበር ይመጣል፤ በእኛ ጥቅምት 2። ስለዚህ ይህ ፓስፖርት ለዱባይ ያለቀው ሚያዝያ ላይ ሳይሆን ከሁለት ሳምንት በፊት ነው።

ቼክ ኢን ላይ ያለችው ልጅ አዝናልሽ ልታሳልፍሽ አትችልም። አየር መንገዶች ቲማቲክ የሚባል የመረጃ ቋት አላቸው፤ የየአገሩ የመግቢያ ደንብ እዚያ ላይ ነው የሚታየው። ሰነዱ ያልተሟላ ሰው ጭነው ከሄዱ መልሰው የሚያመጡት እነሱ ናቸው፣ ቅጣትም አለባቸው።

ቅደም ተከተሉን አደራ። መጀመሪያ ፓስፖርት፣ ከዚያ ቪዛ። የአሁኑን ፎቶ ለባለቤትሽ አትላኪ። ቪዛው የሚያያዘው በፓስፖርቱ ቁጥር ነው፤ አዲሱ ሲወጣ ቁጥሩ ስለሚለወጥ ብሩ ባክኖ ይቀራል። የትኬቱ ጣጣ ቀላል ነው። ዋናው ስሙ ነው፤ የፓስፖርት ቁጥር ይስተካከላል። ቀኑን ለማዛወር ግን ባለቤትሽ የገዛበት ቦታ ዛሬውኑ ይደውል። የበረራው ቀን እየቀረበ ሲሄድ ይከብዳል።

መልስ፦ የሶስና አባት

ሰለሞን ያለውን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። የእኛ ቪዛ ወጥቶልን ነበር። ቪዛው ሲወጣ የልጄ ፓስፖርት ስድስት ወር ከሃያ ቀን ይቀረው ነበር። ከዚያ የእኔ የዕረፍት ፈቃድ ተጓተተና ጉዞውን በአርባ ቀን ገፋነው። ቪዛው ገና የሚሠራ ስለሆነ ምንም አልጠረጠርኩም።

ከጎንደር አዲስ አበባ በርረን፣ አድረን፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቼክ ኢን ላይ ቆምን። ሻንጣው ተመዝኖ የልጄ ሮዝ ቦርሳ ጭምር ሄዷል። ልጅቷ ፓስፖርቱን ገለጠች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ እንደገና ገለጠች። ከዚያ ኃላፊዋን ጠራች። ቦርሳው ተመልሶ ሲመጣ ሶስና «አባዬ፣ አውሮፕላኑ ተበላሸ?» አለችኝ። አራት ዓመቷ ነበር። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም።

ስለዚህ የሚቆጠረው ቪዛ የወጣበት ቀን አይደለም፣ የምትገቡበት ቀን ነው። ጉዞ ከገፋችሁ እንደገና ቁጠሩ።

መልስ፦ እሙ ከማራኪ

አይዞሽ እህቴ። የእኔም ባለቤት ውጭ ነው፤ የሁለት ልጆቼን ፓስፖርት ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አሳድሻለሁ።

ማደስ ይባላል እንጂ አዲስ ደብተር ነው የሚሰጡሽ። የልጅ ፓስፖርት አምስት ዓመት ነው፣ ሳታስቢው ያልቃል። በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ድረ ገጽ ላይ ትመዘገቢያለሽ፣ ቀጠሮ ትይዣለሽ። ልጁ ራሱ መቅረብ አለበት። አሮጌውን ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን ኦሪጅናልና ኮፒ፣ የአንቺን መታወቂያ ያዢ።

አባትየው ስለሌለ ውክልና ይላክልሽ። ዱባይ ላይ የኢትዮጵያ ቆንስላ አለ፤ እዚያ ሄዶ ለልጁ ፓስፖርት እንድታወጪና ይዘሽው ከአገር እንድትወጪ መፍቀዱን በግልጽ ይጻፍ። ሁለቱም ነገር በአንድ ወረቀት ላይ ይግባ። የእኔ ባለቤት የመጀመሪያውን ብቻ ጽፎ ድጋሚ ተመላልሷል። ወረቀቱ እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል።

ደግሞ አንድ ነገር፦ እኛ ሴቶች የባላችንን ስም አንይዝም። ያንቺ የአባት ስም ሌላ፣ የልጅሽ ሌላ ነው። ውጭ አገር ያለ ሠራተኛ ሁለቱን ፓስፖርት ጎን ለጎን ሲያይ እናቱ መሆንሽን በምን ያውቃል? በእንግሊዝኛም የተጻፈውን የልደት ምስክር ወረቀት በእጅ ቦርሳሽ ያዢ። ሻንጣ ውስጥ አይግባ።

«በሳምንት አስወጣልሻለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ዝጊበት። አስቸኳይ አገልግሎት ራሱ መሥሪያ ቤቱ አለው፤ ዋጋው ከመደበኛው በብዙ ይበልጣል፣ ግን ሕጋዊ ነው። ለቀጠሮው ቀን ውኃና ቆሎ ያዢለት፤ ሰልፉ ልጅ ያሰለቻል።

መልስ፦ መምህሩ ከአዘዞ

ከማመልከትሽ በፊት የልደት ቀኑን በሁለቱም ሰነድ ላይ አስተያዪ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ልጁ መቼ ተወለደ?

የናሆም እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ናሆም የተወለደው ጥር 3 ቀን 2012 ነው። አሁን አየሁት፤ ልደት ካርዱ 12 ጃንዋሪ 2020 ይላል። ፓስፖርቱ ግን 11 ጃንዋሪ! አምስት ዓመት ሙሉ ሳላየው! የትኛው ነው ልክ?

መልስ፦ መምህሩ ከአዘዞ

ልደት ካርዱ ልክ ነው። በአብዛኛው ዓመት ጥር 3 በፈረንጅ 11 ጃንዋሪ ይውላል፤ ስህተቱ የመጣው ከዚያ ነው። 2011 ግን ጳጉሜን ስድስት ቀን የሆነችበት ዓመት ነበር። ስለዚህ የ2012 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይገፋል። ጥምቀት ራሱ በዚያ ዓመት የዋለው ጃንዋሪ 20 ነበር፤ ሌላ ጊዜ 19 እንደሚውል ታውቂያለሽ። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ማግስት፣ ከመስከረም እስከ የካቲት የተወለዱ ልጆች ያሏችሁ ሁሉ ሰነዳችሁን እዩ።

አሁን ዝም ብለሽ የድሮውን ቀን አትሙዪ። ኦሪጅናሉን ልደት ካርድ ይዘሽ ልዩነቱን ራስሽ ንገሪያቸው፣ አሁኑኑ ይታረም። አንዴ ቪዛና የትምህርት ቤት ሰነድ በሁለት ዓይነት ቀን ከወጣ በኋላ ማስተካከሉ ዕዳ ነው።

ጥያቄ፦ የልደታ ልጅ

በዚሁ ልጠይቅ። እህቴ ከአሜሪካ ለጥምቀት ልትመጣ ነው። የሰባት ዓመት ልጇ የአሜሪካ ፓስፖርት ጥር ላይ አምስት ወር ይቀረዋል። ወደ እኛ ለመግባትም እንዲሁ ነው?

መልስ፦ ሰለሞን ከትኬት ቢሮ

አዎ። የኢትዮጵያ ኢ-ቪዛም ከመግቢያ ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ይጠይቃል። አሜሪካም ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የምትሰጠው የአምስት ዓመት ፓስፖርት ነው። እዚያው አሳድሳ ትምጣ።

የየአገሩ ግን ይለያያል። የሸንገን አገሮች፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ከወጣችሁ በኋላ ሦስት ወር እንዲቀረው ነው የሚፈልጉት። ቱርክ ቪዛው ከሚፈቅደው የመቆያ ጊዜ በላይ 60 ቀን ትጠይቃለች። የአሜሪካ ቪዛ ደግሞ አሮጌው ፓስፖርት ላይ ጊዜው ካላለፈ አይጣልም፤ አሮጌውንና አዲሱን አብሮ ይዞ መሄድ ነው። ቪዛውን ከገጹ ላይ እንዳትነቅሉት ብቻ።

የናሆም እናት (ጥቅምት 20)

ባለቤቴ ትኬቱን ወደ ጥር 20 አዛወረው። ልዩነቱን ከፍሏል፤ ከምንመለስ ይሻላል አለ። ገናን ለየብቻችን ልንውል ነው። ስነግረው መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዚያ «ጥምቀትን ያይልኛል ማለት ነው» አለኝ። ውክልናውን ነገ ቆንስላ ሄዶ ይጽፋል። ቀጠሮዬ ኅዳር 4 ባሕር ዳር ነው።

የናሆም እናት (ታኅሣሥ 26)

ደረሰልን! ፓስፖርቱ ዛሬ እጄ ገባ። ልደቱም 12 ጃንዋሪ ተብሎ ታርሟል። ለእርማቱ ልደት ካርዱን ሁለቴ ነው ያዩት፤ መምህሩ ባይነግረኝ ኖሮ በዝምታ አልፈው ነበር።

በአሮጌው ፎቶ ላይ ናሆም አንድ ዓይኑ ገርበብ ያለ፣ ጥርስ የሌለው ሕፃን ነው። በአዲሱ የፊት ጥርሱ ወልቋል፣ ግን አፉን ዘግቶ ቀጥ ብሎ ያያል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ለአባቱ ላክሁለት። ቪዛውን ዛሬ ማታ ያስገባል።

አዲሱ 21 ዲሴምበር 2030 ያበቃል። ስድስት ወር ቀንሼ ሽፋኑ ላይ በወረቀት ለጠፍኩበት፦ «እስከ ሰኔ 14 ቀን 2022 ብቻ፣ በእኛ»። እናቴ አነበበችውና «አሁን ገባኝ» አለች።